ትርሺች፦ የጎጆ ንግግሯ የአገር መጽሐፍ የሆነላት መንደር

ስለ ሰርቢያ ጥቂት የሚያውቅ ሰው የትርሺችን ታሪክ ቁርጥራጭ ሳይሰማ አልቀረም። የቋንቋ ተማሪ የቩክ ካራጂችን ስም ያውቃል። የጦርነት ታሪክ የሚያነብ በ1914 በድሪና ወንዝ ዳር የተደረገውን ውጊያ ያስታውሳል። ዜና የሚከታተል ደግሞ በያዳር ሸለቆ በሊቲየም ሰበብ የተነሣውን ተቃውሞ ሰምቷል። እነዚህ ወሬዎች ሁሉ በምዕራብ ሰርቢያ፣ ከሎዝኒትሳ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ኮረብታ ሥር በተቀመጠች አንዲት ትንሽ መንደር ዙሪያ እንደሚገናኙ ግን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ተበታትኖ የሚሰማውን ከሥሩ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተርካል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ትርሺች የታሪክ መንደር የሆነችው ታላቅ ሰው ስለተወለደባት ብቻ አይደለም። ታላላቅ ሰዎች የተወለዱባቸው መንደሮች በየአገሩ ሞልተዋል፤ አብዛኞቹም ከአንድ የመታሰቢያ ድንጋይ በቀር የሚያሳዩት የላቸውም። ትርሺችን ከእነርሱ የሚለያት ልጇ ከመንደሯ ይዞት የወጣው ሀብት የራሷ ንግግር መሆኑ ነው። እረኞቿና ባልቴቶቿ የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ሊቃውንት የናቁት ቋንቋ፣ በመጨረሻ የአንድ ሕዝብ የጽሑፍ ቋንቋ ሆነ።

እስከ 1787፦ የባዶው ሸለቆ ሰፋሪዎች

ያዳር የድንበር አገር ነው። ከሸለቆው በስተምዕራብ ድሪና ይፈስሳል፤ ከድሪና ማዶ ቦስኒያ ነው። የሰርቢያ የመካከለኛው ዘመን መንግሥት በ1459 በኦቶማን ቱርኮች እጅ ከወደቀ በኋላ አካባቢው ለዘመናት በሱልጣኑ ሥር ቆየ። መልኩን የለወጡት ግን በኦስትሪያና በቱርክ መካከል የተደረጉት ጦርነቶች ናቸው። ከ1683 እስከ 1739 ባለው ጊዜ ሁለቱ መንግሥታት ሦስት ጊዜ ተዋጉ። የኦስትሪያ ጦር በገባ ቁጥር ሰርቦች አብረውት ይነሣሉ፤ ጦሩ ባፈገፈገ ቁጥር ደግሞ የቱርክን ቅጣት ፈርተው ሳቫንና ዳኑብን እየተሻገሩ ይሰደዳሉ። በ1690 በፓትርያርክ አርሴንዬ ሦስተኛ መሪነት የተደረገው ስደት ከሁሉ የታወቀው ነው። ብዙ መንደሮች ሰው አልባ ሆኑ።

ባዶው መሬት ሰው ጠራ። ከደቡብ፣ ከሄርዞጎቪናና ዛሬ ሞንቴኔግሮ ከሚባለው ተራራማ አገር፣ ድንጋይ ሲያርሱ የኖሩ ቤተሰቦች ከብታቸውን እየነዱ ወደ ሰሜን ወረዱ። ካራጂቾች በድሮብኛክ ነገድ አገር ከምትገኝ ፔትኒትሳ ከምትባል መንደር ነው የመጡት። እነዚህ ደገኞች ይዘውት ከመጡት ንብረት ሁሉ የሚበልጠው ንግግራቸው ነበር፤ ጥርት ያለ፣ በተረትና በጀግና ግጥም የበለጸገ የሄርዞጎቪና ዘዬ። የትርሺች ሰው የሚናገረው ከዚህ የተለየ አልነበረም። በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ የሰፈራ ታሪክ ስለሚመነጭ አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲይዘው እፈልጋለሁ።

ቤታቸው በድንጋይ መሠረት ላይ በጥርብ ግንድ የሚሠራ ነበር፤ ጣሪያው ቀጥ ብሎ የተሾጠጠና በስንጥር ሳንቃ የተከደነ። ከውስጥ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ምድጃ የሚነድበት፣ ሌላው መኝታ። ግቢው ውስጥ ጎተራ፣ የወተት ጎጆ፣ የበቆሎ ማድረቂያ፣ የፕለም አረቄ የሚጣልባቸው በርሜሎች ማኖሪያ ይደረደራሉ። ቫያት የምትባል ትንሽ ጎጆም አለች፤ ወንድ ልጅ ሲያገባ ከሙሽራዋ ጋር የሚያድረው በእርሷ ነው። በአንድ ግቢ ብዙ ወንድማማች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በአንድ ቤተሰብ ኃላፊ ሥር ስለሚኖሩ አዲስ ተጋቢዎች ሌላ መደበቂያ የላቸውም።

ከመንደሩ በእግር ሲኬድ የትሮኖሻ ገዳም ይገኛል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ገዳሙን የተከለችው የንጉሥ ድራጉቲን ባለቤት ንግሥት ካታሊና ናት። በ1389 ከቱርክ ጋር ከተደረገው የኮሶቮ ጦርነት በፊት ዘጠኙ የዩጎቪች ወንድማማቾች ከአባታቸው ጋር እዚህ ጸልየው ወደ ሞት እንደሄዱ ይተረካል። ቱርክ በሚገዛው አገር የሰርብ መነኮሳት እንዲህ ያለውን ትዝታ እየጠበቁ መኖራቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

1787–1804፦ ተኩላ የተባለው ልጅ

ስቴፋንና ዬግዳ ካራጂች የወለዷቸው ልጆች በሕፃንነታቸው እየሞቱ አስቸግረዋቸው ነበር። በ1787 ወንድ ልጅ ሲወለድላቸው ቩክ አሉት፤ ተኩላ ማለት ነው። በአካባቢው እምነት ልጅ የሚበሉት ጠንቋዮች ናቸው፤ ጠንቋይ ደግሞ ተኩላን አይደፍርም። ልጁ ካደገ በኋላ ይህን የስሙን ምክንያት በታላቁ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ለጠንቋይ በሰጠው ፍቺ ሥር ራሱ ጽፎታል።

የትርሺች ገበሬ ማንበብ አይችልም፤ የሚያስፈልገውም አይመስለውም። ቩክ ግን ዕድለኛ ነበር። ዬፍታ ሳቪች ቾትሪች የተባለ ዘመዱ፣ ማንበብና መጻፍ ከሚችሉት የአካባቢው ጥቂት ሰዎች አንዱ፣ ፊደል አስቆጠረው። ቀለም አልነበረም፤ ባሩድ በውኃ በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ፣ በጥይት መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው የጻፈው። ሎዝኒትሳ የነበረውን ትምህርት በበሽታ ምክንያት አቋረጠ። አባቱ ወደ ትሮኖሻ ቢወስደው መነኮሳቱ ከማስተማር ይልቅ ከብት ያስጠብቁት ጀመር። ስቴፋን ይህን ባየ ጊዜ፣ ከብት ለመጠበቅማ የራሴ ከብት አለኝ ያለ ይመስላል፣ ልጁን ወደ ቤት መለሰው።

ያለ ትምህርት ቤት ያደገባቸው እነዚህ ዓመታት ግን አልባከኑም። በግና ፍየል እየጠበቀ ሴቶች በአጨዳና በሠርግ የሚዘፍኑትን፣ ሽማግሌዎች በክረምት ምሽት የሚያወርዱትን ያዳምጥ ነበር። የጀግንነቱ ግጥም የሚባለው በጉስሌ ነው። ጉስሌ እንደ ማሲንቆ በደጋን የምትገዘገዝ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ናት፤ ተጫዋቿም ስለ ነገሥታትና ስለ ሽፍቶች ረጅም ግጥም በቃሉ ያወርዳል። የሰርብ ሕዝብ ታሪኩን ያቆየው በመጽሐፍ ሳይሆን በዚህ መሣሪያ ነበር።

1804–1813፦ እሳቱ

በ1804 መጀመሪያ፣ በቤልግሬድ ግዛት ሥልጣን የቀሙት ዳሂያ የሚባሉ የጃኒሳሪ (የቱርክ እግረኛ ጦር) አለቆች የሰርብ ባላባቶችን መግደል ያዙ። ሕዝቡ በካራጆርጄ መሪነት በኦራሻትስ መንደር ተነሣ። ይህ የመጀመሪያው የሰርቦች አመፅ ነው። ያዳር በአስተዳደር የቤልግሬድ ሳይሆን ከድሪና ማዶ ያለው የዝቮርኒክ ግዛት አካል ነበር፤ እሳቱ ግን ድንበር አላከበረም። በያዳር ጆርጄ ቹርቺያ የተባለ የሽፍታ መሪ ሰዎቹን አሰለፈ። አለቃው ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገው ነበርና አሥራ ሰባት ዓመት እንኳ ያልሞላው የእረኛው ልጅ ጸሐፊ ሆነ።

በዚያው ዓመት ቱርኮች ትርሺችን አቃጠሉ። የካራጂቾች ቤትም ነደደ።

የመንደሯን ታሪክ ለሁለት የሚከፍለው ቀን ይህ ነው ባይ ነኝ። ያ ቤት ባይነድ ኖሮ ቩክ ሚስት አግብቶ፣ በቫያት አድሮ፣ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ትንሽ ማንበብ በመቻሉ ብቻ የሚለይ ገበሬ ሆኖ በኖረ ነበር ብዬ አስባለሁ። ቤት ሲጠፋ ግን የሚመለስበት ነገር አልቀረም። ሳቫን ተሻግሮ በኦስትሪያ ግዛት ወዳለችው ስሬምስኪ ካርሎቭትሲ ለትምህርት ሄደ። ከዚያ ተመልሶ አመፀኞቹ ነፃ ባወጧት ቤልግሬድ በ1808 በተከፈተው ታላቁ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ሳለ እግሩን ያመመው በሽታ አላላቀቀውም፤ በኖቪ ሳድና በፔሽት ቢታከምም ግራ እግሩ እንደታጠፈ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን የእንጨት ድጋፍ አሥሮ ነው የሄደው። ፈረስ ጋልቦ መዋጋት ላልቻለ ሰው በዚያ ዘመን የቀረለት መሣሪያ ብዕር ነበር።

ያዳር በእነዚያ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በ1810 ቱርኮች ሎዝኒትሳን ከበው፣ የአካባቢው አዛዥ አንታ ቦጊቼቪች ካራጆርጄ እስኪደርስለት ድረስ ተቋቁሞ ድል ተገኘ። ፊሊፕ ቪሽኚች የተባለው ዓይነ ስውር የጉስሌ ተጫዋች ይህን ውጊያ ወደ ግጥም ቀይሮታል። ድሉ ግን አልሰነበተም። ናፖሊዮን ሩሲያን ሲወርር ሩሲያ ከሱልጣኑ ጋር ታረቀች፤ ሰርቦች ብቻቸውን ቀሩ፤ በ1813 አመፁ ተደመሰሰ። ከሸሹት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ቩክ አንዱ ነበር። ዘሙን ደርሶ ወደ ቪየና አመራ።

1814–1847፦ መንደሯ በቪየና

ቪየና የደረሰው የሃያ ስድስት ዓመት አካለ ስንኩል ስደተኛ ስለ አመፁ ውድቀት አንድ ጽሑፍ ጻፈ። ጽሑፉ የስላቭ መጻሕፍትን በሚመረምረው የሳንሱር ሹም ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ሹሙ ዬርኔይ ኮፒታር የተባለ ስሎቬንያዊ የቋንቋ ሊቅ ነበር። ጽሑፉን ሲያነብ አንድ ነገር ገረመው፤ ይህ ሰው እንደ ሊቃውንቱ ሳይሆን ሕዝቡ እንደሚናገረው ነው የሚጽፈው። ፈልጎ አገኘውና የሕይወቱን ሥራ አሳየው፦ የሕዝብህን ዘፈን ሰብስብ፣ ሰዋስዉን ጻፍ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ።

ይህ ምክር ለምን እንደ ነውጥ እንደተቆጠረ ለመረዳት የዘመኑን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። በኦስትሪያ ግዛት የሚኖሩ ሰርቦች በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ከሩሲያ መምህራንና መጻሕፍት አስመጥተው ነበር። የሩሲያው የቤተ ክርስቲያን ስላቮንኛ ከሰርብኛ ጋር ተቀላቀለና ሊቃውንት ብቻ የሚጽፉት፣ ማንም በቤቱ የማይናገረው ድብልቅ ቋንቋ ተፈጠረ። እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደፈቀደው ያደባልቀው ነበር። በዚህ ቋንቋ ላይ የከተማው ሀብታምና የጳጳሳቱ ክብር ተገንብቶበታል። የገበሬው ንግግር የከብት ጠባቂና የአሳማ ነጂ ቋንቋ ተብሎ ይናቅ ነበር።

ቩክ ያለ ፍርሃት ወደተናቀው ቋንቋ ሄደ። በ1814 በትርሺች እረኛ ሳለ በጆሮው ከቀሩት ዘፈኖች ወደ መቶ የሚጠጉትን አሳተመ። ያችው ትንሽ መጽሐፍ የመንደሯ የመጀመሪያ ጉዞ ነች ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት የሰርብኛ ሰዋስው አወጣ። በ1815 ከጦርነቱ የሸሹ ሰዎች በሠፈሩበት በስሬም አካባቢ እየዞረ አዋቂዎችን ፈለገ። ቴሻን ፖድሩጎቪች የተባለውን የቀድሞ ሽፍታ አገኘ፤ ያ ሰው ግጥሙን ሳይዘፍን በንግግር ነበር የሚያወርደው። በሺሻቶቫትስ ገዳም ደግሞ ቪሽኚችን አገኘ። ዓይነ ስውሩ ስለ አመፁ ያወረደውን ግጥም ከአፉ ተቀብሎ የጻፈው ቩክ ባይሆን ኖሮ ግጥሙ ከባለቤቱ ጋር በተቀበረ ነበር። ቩክን የማደንቀው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ግጥሙ የሕዝብ ነው ብሎ ባለቤቱን አልረሳም፤ ከማን እንደሰማው መዝግቦ አለፈ።

ትልቁ ሥራ በ1818 ወጣ። የሰርብኛ መዝገበ ቃላቱ 26,270 ቃላት ከጀርመንኛና ከላቲን ፍቺ ጋር ይዟል። ብዙዎቹ ቃላት በትርሺች ምድጃ ዙሪያ የሰማቸው ናቸው፤ ከፍቺያቸው ጋርም የሠርግ ሥርዓት፣ የቤተሰብ በዓል፣ እምነትና ተረት ይተርካል። ያን ዘመን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ይህን መዝገበ ቃላት እንደ ታሪክ መጽሐፍ ያነብበዋል።

መዝገበ ቃላቱ ፊደሉንም ለወጠ። የቩክ መመሪያ ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል የሚል ነበር። ድምፅ የሌላቸውን የቆዩ ፊደላት ጣለ። ከድምፅ ጋር የሚመጥን ፊደል ሲያጣ አሮጌውን አጣምሮ ወይም ቀርጾ አዲስ አደረገ፤ አንዱን ፊደል የነደፈለት ባለ ቅኔው መነኩሴ ሉኪያን ሙሺትስኪ ነው። አንዱን ግን ከላቲን ወሰደ፤ ለ«የ» ድምፅ የሚሆነውን። ይህ አንድ ፊደል ብዙ መዘዝ አመጣ። የካርሎቭትሲው ሜትሮፖሊታን ስቴፋን ስትራቲሚሮቪችና ደጋፊዎቻቸው ሰርቦችን ወደ ካቶሊክ ለመውሰድ የተሸረበ ሴራ አድርገው ቆጠሩት። ቩክ የሕዝቡን ቃላት ሲሰበስብ ነውረኛ የሚባሉትንም ስላልተወ ቁጣው ባሰ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። በትርሺች ሰው አንደበት የ«ኽ» ድምፅ አይሰማም ነበርና ቩክ መጀመሪያ ለእርሱ ቦታ አልሰጠውም። በኋላ በሞንቴኔግሮና በዱብሮቭኒክ ሲዞር ሰዎች በግልጽ ሲናገሩት ሰማ፤ በ1836 ወደ ጽሑፉ አስገባው። የአንዲት መንደር ጆሮ የአንድ ሕዝብ ፊደል ለመቅረጽ ምን ያህል እንደተጠጋ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ሰውዬው ግን መንደሩን ይወድ እንጂ አያመልካትም ነበር፤ የተሻለ ማስረጃ ሲያገኝ አረመ።

አውሮፓ ከሰርቢያ ቀድማ አወቀችው። ጀርመናዊው ባለ ቅኔ ጎተ በቫይማር ተቀበለው። የቋንቋ ሊቁ ያኮብ ግሪም የቩክን አጭር ሰዋስው ወደ ጀርመንኛ መልሶ በ1824 መቅድም ጽፎ አሳተመው። የየና ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በቪየና አና ክራውስ የተባለች ኦስትሪያዊት አግብቶ ብዙ ልጆች ወለደ፤ ከአሥራ ሦስቱ በሕይወት የተረፉት ሚናና ዲሚትሪዬ ብቻ ናቸው። ድህነትም አልተለየውም።

የራሱ አገር ግን ፊቷን አዞረችበት። በ1815 ሁለተኛውን አመፅ መርቶ ሰርቢያን ከፊል ነፃ ያወጣው ልዑል ሚሎሽ ኦብሬኖቪች ራሱ መሃይም ነበር፤ ትችትንም አይወድም። በ1832 ቩክ አገዛዙን የሚነቅፍ ረጅም ደብዳቤ ጻፈለት። በዚያው ዓመት በሰርቢያ በቩክ ሥርዓተ ጽሕፈት ማተም ተከለከለ።

ትርሺችስ በዚህ ሁሉ ጊዜ የት ነበረች? ከሚሎሽ ሰርቢያ ውጭ። በ1813 የጠፉት ወረዳዎች ወዲያው አልተመለሱም፤ ያዳር ወደ ሰርቢያ የተቀላቀለው በ1833 ነው። የመንደሯ ንግግር በላይፕሲግና በቪየና መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም ተናጋሪዎቹ ገና ለዝቮርኒክ ይገብሩ ነበር።

ትግሉ ያዘነበለው በ1847 ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት መጻሕፍት ወጡ፤ ቩክ የተረጎመው አዲስ ኪዳን፣ የወጣቱ ሊቅ ጁሮ ዳኒቺች የቋንቋ ክርክር፣ የብራንኮ ራዲቼቪች ግጥሞች፣ የሞንቴኔግሮው ገዢና ጳጳስ ኜጎሽ «የተራራው አክሊል»። የሕዝቡ ቋንቋ ወንጌልም፣ ሳይንስም፣ የፍቅር ግጥምም፣ ጥልቅ ቅኔም ሊሸከም እንደሚችል አራቱ በየፊናቸው አሳዩ። ከዚያ በኋላ ተቃዋሚዎቹ መጮህ እንጂ መርታት አልቻሉም።

1850–1897፦ የባለቤቱ መመለስ

በ1850 የሰርብና የክሮኣት ሊቃውንት ቪየና ላይ ተሰብስበው ለጋራ የጽሑፍ ቋንቋ መሠረት እንዲሆን የደቡቡን ዘዬ፣ ማለትም ሰፋሪዎቹ ወደ ያዳር ያመጡትን ዓይነት ንግግር፣ መረጡ። በ1852 የመዝገበ ቃላቱ ሁለተኛ እትም ከ47,000 በላይ ቃላት ይዞ ወጣ። ቩክ በ1864 በቪየና አረፈ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ ሰርቢያ የመጨረሻውን እገዳ አንሥታ ሥርዓተ ጽሕፈቱን ተቀበለች። ይህን ቀን ሳያይ መሞቱ ያሳዝነኛል።

በ1897 አፅሙ ከቪየና ተነሥቶ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ቤልግሬድ ገባ፤ በካቴድራሉ በር ላይ ከቀደምቱ የሰርብ ጸሐፊ ከዶሲቴይ ኦብራዶቪች ጎን ተቀበረ። በሕይወት ሳለ ጳጳሳት ያወገዙት ሰው መቃብሩ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሆነ። ወደ ትርሺች ግን አልተመለሰም። የተወለደበት ቤት ከነደደ ዘመን አልፎታል።

1914–1945፦ ሁለት ጦርነትና አንድ ቤት

በ1914 ነሐሴ ወር የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ጦር ድሪናን ተሻገረ። ከትርሺች በስተሰሜን በሚታየው የትሴር ተራራ ላይ የጄኔራል ስቴፓ ስቴፓኖቪች ወታደሮች ወራሪውን ሰብረው መለሱት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተባባሪዎቹ አገሮች የመጀመሪያ ድል ይህ ነው። በመጸው ጦሩ እንደገና መጣ፤ ከመንደሯ ጀርባ ባለው የጉቼቮ ተራራ ሁለቱ ወገን በምሽግ ተፋጥጠው ከባድ ውጊያ አደረጉ።

ድሉ ከባድ ዋጋ ነበረው። ወራሪው ጦር በማችቫና በያዳር መንደሮች ሴቶችንና ሽማግሌዎችን ሳይለይ ገደለ። ከስዊዘርላንድ የመጣው የወንጀል ምርመራ ሊቅ አርኪባልድ ራይስ ቦታው ድረስ ሄዶ ግፉን መዝግቦ ለዓለም አሳወቀ። ለቩክ መጠለያና ማተሚያ ቤት የሰጠች ቪየና መንደሩን የሚያጠፋ ጦር ላከች። ታሪክ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያደርግ ማብራሪያ የለኝም፤ መመዝገብ ብቻ ነው።

የአካባቢው ሰው ከዚያ ቁስል ገና ሳያገግም በ1933 አንድ ነገር አደረገ። በጥንቱ የካራጂቾች ግቢ የመታሰቢያ ቤት ሠራ፤ በጥንቱ ዓይነት፣ በድንጋይ መሠረት፣ በጥርብ ግንድ፣ በሳንቃ ክዳን። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የቩክ ሳቦር፣ ማለትም የቩክ ጉባኤ፣ ተደረገ። ትርሺች እንደ ቅርስ መንደር የተወለደችው ያን ጊዜ ነው። ይህን ቤት ሐሰተኛ ቅጂ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ፤ እኔ አልስማማም። ቤቱን የሠሩት አናጺዎች ዕውቀቱን ያገኙት ከአባቶቻቸው ነው፤ ያን ጊዜ ባይሠሩት ኖሮ ዕውቀቱም ከቤቱ ጋር በጠፋ ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ ጀርመን መጣ። በ1941 ነሐሴ መጨረሻ በሌተናል ኮሎኔል ቬሴሊን ሚሲታ የሚመሩ አርበኞች ሎዝኒትሳን አስለቀቁ፤ ሚሲታ በውጊያው ወደቀ። ሰርቦች ከተማዋን በተያዘችው አውሮፓ የመጀመሪያዋ ነፃ የወጣች ከተማ ይሏታል። ብቀላው በጥቅምት ደረሰ። የጀርመን ጦር በድራጊናትስና በዙሪያው በሺህ የሚቆጠሩ ሲቪሎችን ረሸነ። በያዳር ከዚህ ሐዘን ያመለጠ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል።

1964–1987፦ መንደሩ ሙዚየም ሲሆን

ከጦርነቱ በኋላ በሶሻሊስት ዩጎዝላቪያ ያዳር ተለወጠ። ሎዝኒትሳ ውስጥ ቪስኮዛ የሚባል ግዙፍ የሰው ሠራሽ ክር ፋብሪካ ተከፈተና ገበሬው ማረሻውን ትቶ ፈረቃ መግባት ጀመረ። ሌላው ሥራ ፍለጋ ወደ ኦስትሪያና ጀርመን ሄደ። የግንድ ቤቱ በሸክላ ቤት፣ የሳንቃው ክዳን በሸክላ ክዳን ተተካ። አሮጌ ጎተራና ቫያት ለማገዶ ተፈለጡ። ይህ የብልጽግና ምልክት ስለነበር የተቆጨ ሰው ብዙ አልነበረም።

የቩክ መቶኛ ሙት ዓመት በተከበረበት በ1964፣ ከዚያም ሁለት መቶኛ የልደት ዓመቱ በደረሰበት በ1987፣ ትርሺች ሰፊ እድሳት ተደረገላት። በቩክ ቤት ዙሪያ የጥንቱ ግቢ ከነጎተራው፣ ከነወተት ጎጆውና ከነቫያቱ ተሟላ፤ የመታሰቢያ ትምህርት ቤት ተሠራ፤ ለሳቦሩ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚይዝ የሜዳ መድረክ ተዘጋጀ። ሰርቢያ መንደሯን ከፍተኛ ዋጋ ካላቸው ቅርሶቿ ተርታ መደበቻት። ሳቦሩ በየዓመቱ በመስከረም የሚደረግ ሲሆን ከአገሪቱ አንጋፋ የባህል በዓላት አንዱ ነው። የየትምህርት ቤቱ ልጆች በአውቶቡስ እየተጫኑ ይመጣሉ፤ አንድ ሰርብ ትርሺችን ሳያይ ትምህርቱን ከጨረሰ እንደ ጉድለት ይቆጠርበታል።

ከ1990ዎቹ እስከ ዛሬ፦ ከመሬት በታች ያለው

የዩጎዝላቪያ መፍረስ ድሪናን እንደገና ድንበር አደረገው። በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ ስደተኞች ወንዙን ተሻግረው በሎዝኒትሳ ሠፈሩ። ቪስኮዛ ከሰረ። ቩክ እንዲዋሐድ የተመኘው የጽሑፍ ቋንቋም በአዲሶቹ አገሮች ሰርብኛ፣ ክሮኣትኛ፣ ቦስንኛና ሞንቴኔግርኛ እየተባለ ተከፋፈለ። ቩክ በአንድ ወቅት ሽቶካቪያን የሚባለውን ሰፊ የዘዬ ክፍል የሚናገረውን ሁሉ፣ ካቶሊኩንም ሙስሊሙንም፣ ሰርብ ብሎ ጽፎ ነበር። ያ ጽሑፍ በኋለኛው ዘመን ለፖለቲካ ጥቅም መዋሉን መሸፈን አይገባም። ታላቅነቱን የሚወድ ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት።

በ2004 በያዳር ሸለቆ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ማዕድን ተገኘ፤ ያዳራይት ተባለ። ውስጡ ለባትሪ የሚፈለገው ሊቲየም አለ። ሪዮ ቲንቶ የተባለው ኩባንያ ከትርሺች ብዙም በማይርቀው በጎርኜ ኔዴሊትሴ መንደር ዙሪያ ማውጫ ለመክፈት ዕቅድ አወጣ። ገበሬዎቹ ውኃችንና መሬታችን ይበከላል ብለው ተነሡ። በ2021 መጨረሻ በመላ ሰርቢያ መንገዶች ተዘጉ። በ2022 ጥር መንግሥት ፈቃዱን ሰረዘ፤ በ2024 ግን ስረዛው በሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ውድቅ ሲደረግ ዕቅዱ እንደገና ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በቤልግሬድ እጅግ ብዙ ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ። አውሮፓ የኤሌክትሪክ መኪና ትፈልጋለች፤ ያዳር ደግሞ ወንዙን ይፈልጋል። እኔ ከገበሬዎቹ ጎን ነኝ። በአንድ ሸለቆ ይህን ያህል ስደት፣ ቃጠሎና ግድያ ያለፈ ሕዝብ አሁንም ከመሬቱ ይነቀል ማለት የሚከብድ ነገር ነው።

ቅርሱ እስካሁን አለ። በጉስሌ የሚወረደው ግጥም በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ገብቷል፤ በሳቦሩም ላይ ይሰማል። ከትርሺች ወደ ትሮኖሻ የሚወስደው መንገድ፣ ስቴፋን ልጁን ይዞ የተመላለሰበት አቅጣጫ፣ ዛሬ የእግረኞች መንገድ ነው። ወደ ሰርቢያ የመሄድ ዕድል ያገኘ አንባቢ ቤልግሬድን ብቻ አይቶ አይመለስ። በመስከረም ይሂድ፤ ሳቦሩን ይይ፤ የግንዱን ቤት ሲያይ የ1933 ሥራ መሆኑን ይወቅ፤ ከዚያም በጉቼቮ ግርጌ ያሉትን ገበሬዎች ስለ ወንዛቸው ይጠይቅ። የሚመልሱለት ቩክ መዝገብ ላይ ባሰፈረው ቋንቋ ነው።